በውስን ገንዘብ ጥሩ የጌም ኮምፒውተር፦ ዕቃውን በምን ቅደም ተከተል እንምረጥ?

ለጌም የሚሆን ኮምፒውተር ሊገጣጥም የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፕሮሰሰር ነው፦ «አይ5 ይበቃል ወይስ አይ7 ልውሰድ?» ይላል። መነሻው ግን ስክሪኑ ነው። ስክሪኑ ግራፊክስ ካርዱን ይወስናል፤ ካርዱ ደግሞ ፕሮሰሰሩን፣ ፓወር ሰፕላዩንና ኬዙን አስከትሎ ይመጣል። ከፕሮሰሰር የጀመረ ሰው ገንዘቡን እዚያው ጨርሶ ካርዱን በተረፈው ይገዛል፤ ጌሙን የሚስለው ደግሞ ያ በተረፈው የተገዛው ካርድ ነው።

«መካከለኛ» ስንል አዳዲስ ጌሞችን በ1080 ስክሪን ከፍ ባለ ሴቲንግ፣ በ1440 ደግሞ ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ ሴቲንግ በሰከንድ ከ60 ፍሬም (ምስል) በላይ የሚያጫውት ማሽን ማለታችን ነው። ከ1440 በጣም የሚበልጠውን የፎርኬ ስክሪን ለጊዜው ተዉት።

ስክሪኑን አስቀድሙ

1920 በ1080 የሆነ ስክሪን 2.07 ሚሊዮን ያህል ፒክስል አለው። 2560 በ1440 የሆነው 3.69 ሚሊዮን፣ ፎርኬ ደግሞ 8.29 ሚሊዮን። ከ1080 ወደ 1440 ስትሄዱ በእያንዳንዱ ፍሬም የሚሳለው ፒክስል በ78 በመቶ ይጨምራል፤ የፕሮሰሰሩ ሥራ ግን ያው እንደነበረው ነው። ስክሪኑ ከፍ ባለ ቁጥር ገንዘቡ ወደ ካርዱ ማዘንበል ያለበት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ቁጥር ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ የሚናገረው ኸርዝ ነው። በ60 ኸርዝ አንድ ምስል ስክሪኑ ላይ 16.7 ሚሊሰከንድ ይቆያል፤ በ144 ኸርዝ 6.9፣ በ240 ኸርዝ 4.2 ሚሊሰከንድ። ከ60 ወደ 144 ያለው ለውጥ ማውዝ ባንቀሳቀሱ ቅጽበት ይታወቃል። ከ144 ወደ 240 ያለው ግን ጠባብ ነው፤ በፉክክር ጌም ለሚኖር ሰው ካልሆነ በቀር ገንዘቡን ለካርድ ማዋል ይሻላል። 1080 ከሆነ 24 ኢንች፣ 1440 ከሆነ 27 ኢንች ውሰዱ። 1080ን በ27 ኢንች ላይ ከዘረጋችሁት ጽሑፉም ሥዕሉም ሻካራ ይሆናል። ፍሪሲንክ ወይም ጂሲንክ የሚደግፍ ስክሪን ምረጡ፤ ፍሬሙ ከፍና ዝቅ ሲል ስክሪኑ አብሮት ስለሚሄድ ምስሉ አይሰነጠቅም። ቪኤ የሚባሉት ርካሽ የስክሪን ፓኔሎች ጥቁሩን ጥቁር አድርገው ቢያሳዩም በጨለማ ትዕይንት ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ጥላ ሲጎትት ይታያል፤ በዚህ የዋጋ ደረጃ አይፒኤስ የሚባለው የፓኔል ዓይነት የተሻለ ነው።

ግራፊክስ ካርድ

ስክሪን፣ ኪቦርድና ማውዝን ሳይጨምር ከጠቅላላው ገንዘብ ከመቶው ከ35 እስከ 45 እጁን ለካርዱ መድቡ። ለ1440 ከሆነ ወደ 45 ተጠጉ። ካርዱ ከመቶው ከ30 እጅ በታች ከወረደ ሌላ ቦታ ከመጠን በላይ አውጥታችኋል፤ ዝርዝሩን እንደገና እዩት።

ዛሬ ካርድ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚታየው ቪራሙ፣ ማለትም ካርዱ በራሱ ላይ የያዘው ሜሞሪ ነው። 8 ጊጋባይት ለ1080 ዳር ላይ የቆመ መጠን ነው፤ ቴክስቸሩን (የነገሮችን ገጽ የሚያሳየውን ሥዕል) አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ካላስቸገራችሁ ይሠራል። ለ1440 አዲስ የምትገዙ ከሆነ ከ12 በታች አትውረዱ፤ 16 ካገኛችሁ ለዓመታት ያሳርፋችኋል።

ቪራም ሲሞላ ምን እንደሚሆን ማወቅ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ችግሩ በአማካይ የፍሬም ቁጥር ላይ ጎልቶ አይታይም። አርቲኤክስ 4060ን እንውሰድ። ካርዱ የራሱን ሜሞሪ የሚያነበው በሰከንድ በ272 ጊጋባይት ፍጥነት ነው። ሜሞሪው ሲሞላ የተረፈውን ቴክስቸር በማዘርቦርዱ በኩል ከራም ያመጣል፤ ካርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር በሚገናኝበት ፒሲአይኢ በሚባለው መንገድ የሚጠቀመው 8 መስመር ብቻ ስለሆነ በፒሲአይኢ 4.0 ላይ በሰከንድ 16 ጊጋባይት ገደማ፣ በፒሲአይኢ 3.0 ማዘርቦርድ ላይ ደግሞ 8 ገደማ ብቻ ያገኛል። ከ272 ወደ 8 ማለት ነው። ያኔ ጌሙ በር ሲከፈት ወይም ጥግ ስትዞሩ ይቆራረጣል፤ ወይም ግድግዳውና ፊቱ ሁሉ ጭቃ የተቀባ ይመስላል። አማካዩ 70 ፍሬም ቢልም መጫወቱ አያስደስትም።

ከዚህ የሚከተል አንድ ጥንቃቄ አለ። አሮጌ ፒሲአይኢ 3.0 ማዘርቦርድ ላይ ካርድ ብቻ ልትቀይሩ ከሆነ ስንት መስመር እንደሚጠቀም እዩ። አርኤክስ 6600፣ አርኤክስ 7600፣ አርቲኤክስ 4060፣ አርቲኤክስ 5060 እና አርቲኤክስ 5060 ቲአይ 8 መስመር ነው የሚጠቀሙት። አርኤክስ 9060 ኤክስቲ 16 ይጠቀማል። አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ደግሞ 4 መስመርና 4 ጊጋባይት ብቻ ነው ያለው፤ በአሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ክፉኛ ይጎዳል፣ አትግዙት።

ስምን አትመኑ፣ ሙሉውን ጽሑፍ አንብቡ። አርቲኤክስ 5060 ቲአይ በ8 እና በ16 ጊጋባይት ይሸጣል፤ አርኤክስ 9060 ኤክስቲም እንዲሁ። አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋባይቱ ከባለ 8ቱ የሚለየው በሜሞሪ ብቻ አይደለም፤ ኮሮቹም ያንሳሉ፣ የሜሞሪው መንገድም ይጠባል። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ስም ሁለቱም ላይ አንድ ነው፤ ልዩነቱ በትንሹ የተጻፈው ቁጥር ላይ ነው ያለው።

የአንድ ካርድ የተለያዩ ሞዴሎች፣ ባለ ሁለት ፋኑና ባለ ሦስት ፋኑ፣ በፍሬም የሚለያዩት በጥቂት መቶኛ ብቻ ነው። በድምፅና በሙቀት ግን ይለያያሉ። ለፋብሪካ ኦቨርክሎክ (ከመደበኛው በላይ ለተጨመረ ፍጥነት) እና ለመብራት ተጨማሪ ገንዘብ ከመክፈል በዚያው ገንዘብ ቀጣዩ ደረጃ ላይ ያለ ካርድ ይደረስ እንደሆነ አስሉ።

የኢንቴል አርክ ቢ580 በ12 ጊጋባይት ቪራሙ የሚስብ ካርድ ነው፤ ግን ሁለት ነገር ይጠይቃል። ባዮስ (የማዘርቦርዱ መነሻ ፕሮግራም) ውስጥ ሪሳይዘብል ባር የሚባለው መከፈት አለበት፤ ካልተከፈተ አቅሙ በጣም ይወርዳል። ድራይቨሩም ከፕሮሰሰሩ ብዙ ይፈልጋል፤ ስለዚህ እንደ ራይዘን 5 5600 ካለ ቀደም ያለ ፕሮሰሰር ጋር አታጣምሩት። ከአዳዲሶቹ ጋር ጥሩ ይሄዳል።

ዲኤልኤስኤስ፣ ኤፍኤስአርና ኤክስኢኤስኤስ ጌሙን በትንሽ ፒክስል ስለው ወደ ትልቁ የሚያሳድጉ ናቸው። በ1440 ላይ «ኳሊቲ» በሚለው ደረጃ በእርግጥ ይረዳሉ። ፍሬም ጀነሬሽን ግን ሌላ ነገር ነው፦ በሁለት እውነተኛ ፍሬሞች መካከል የተሠራ ፍሬም ያስገባል፤ ቁጥሩ ያድጋል፣ እጃችሁ የሚሰማው መዘግየት ግን አይቀንስም። መነሻው 60 አካባቢ ካልሆነ ምስሉ ለስላሳ ሆኖ ማውዙ ይከብዳል። የማስታወቂያ ሰንጠረዥ ስታዩ ቁጥሩ ከዚህ ጋር ነው ወይስ ያለ እሱ የሚለውን ፈልጉ።

ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ

በዚህ ደረጃ 6 ኮርና 12 ትሬድ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ኮር ለቪዲዮ ኤዲቲንግ ይጠቅማል እንጂ ጌም ላይ ገንዘቡን አይመልስም። ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ራይዘን 5 5600 በኤኤም4 ሶኬት (ፕሮሰሰሩ ማዘርቦርዱ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ) ላይ ከዲዲአር4 ራም ጋር፤ ርካሽና የተፈተነ ነው፣ ነገር ግን ሶኬቱ ከዚህ በኋላ ብዙ የሚሄድበት የለም። ሁለተኛው ኮር አይ5 12400ኤፍ በኤልጂኤ1700 ላይ፤ እሱም እንዲሁ ሶኬቱ በ14ኛው ትውልድ አብቅቷል። ሦስተኛው ራይዘን 5 7600 ወይም 7500ኤፍ በኤኤም5 ላይ ከዲዲአር5 ጋር ነው፤ መነሻው ውድ ነው፣ ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ማዘርቦርዱንና ራሙን ሳትነኩ ፕሮሰሰሩን ብቻ መቀየር ትችላላችሁ። ገንዘቡ ከቻለ የእኛ ምርጫ ሦስተኛው ነው። ኤኤም5 ሲገባ ካርዱ አንድ ደረጃ የሚወርድ ከሆነ ግን ኤኤም4 ይሁን፤ ካርዱን አታውርዱ።

ቁጥሮቹ ሲቀራረቡ መሳሳት ቀላል ነው። ራይዘን 5 5500 ከ5600 በአንድ ቁጥር ያነሰ ይመስላል። ነገር ግን የካሹ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ፈጣን ሜሞሪ) መጠን 16 ሜጋባይት ነው፣ የ5600 ደግሞ 32፤ በዚያ ላይ ፒሲአይኢ 3.0 ብቻ ነው የሚያውቀው። ከላይ ያየናቸው ባለ 8 መስመር ካርዶች ከእሱ ጋር ግማሽ መንገዳቸውን ያጣሉ። የፊደሎቹም ትርጉም መታወቅ አለበት፦ ኤፍ ያለው ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ የለውም፣ ካርዱ ከተበላሸ ስክሪን ላይ ምንም አይመጣም። የኢንቴል ኬ ለኦቨርክሎክ ነው፣ ኩለርም ይዞ አይመጣም። 5600፣ 7600 እና 12400ኤፍ በሳጥን ሲገዙ ኩለር ይዘው ይመጣሉ፤ 7600ኤክስና 9600ኤክስ አይዙም።

ማዘርቦርድ ፍሬም አይጨምርም፤ ስለዚህ ከልክ በላይ አታውጡበት። ለኤኤም4 ቢ550፣ ለኤኤም5 ቢ650፣ ለኤልጂኤ1700 ቢ760 ይበቃል። ለፕሮሰሰሩ ኃይል የሚያከፋፍሉት ክፍሎች ላይ ሂትሲንክ (ሙቀት የሚያወጣ ብረት) ይኑር፤ ከሌለ ወደፊት ጠንከር ያለ ፕሮሰሰር ሲገባ ይግሉና ፍጥነቱን ይቀንሳሉ። ቢ760 ሲሆን የራሙን ዓይነት ሁለት ጊዜ አረጋግጡ፦ አንዱ ሞዴል ዲዲአር4፣ ሌላው ዲዲአር5 ነው፤ የራሙ ቆረጣ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ስሎት አይገባም። ሌላው ራስ ምታት ባዮስ ነው። ለምሳሌ ራይዘን 9000 ከመውጣቱ በፊት የተመረተ ቢ650 ላይ 9600ኤክስ ቢገጠም ባዮሱ እስኪታደስ አይነሳም። ከኋላ የባዮስ ፍላሽባክ ቁልፍ ያለው ማዘርቦርድ ያለ ፕሮሰሰር በፍላሽ ዲስክ ብቻ ይታደሳል፤ ሁለት ማዘርቦርድ እኩል ዋጋ ከሆኑ ይህ ቁልፍ ያለበትን ውሰዱ።

ራም

ሁልጊዜ ሁለት ስቲክ ግዙ። አንድ 16 ጊጋባይት ከሁለት ባለ 8 ይልቅ ቀርፋፋ ነው፣ ፕሮሰሰሩ ሜሞሪውን በአንድ መንገድ ብቻ ስለሚያነብ። ለዲዲአር4 ባለ 3200 ሲኤል16 (ሲኤል የመዘግየት ቁጥር ነው)፣ ለኤኤም5 ደግሞ ባለ 6000 ሲኤል30 ሚዛኑን የጠበቀ ምርጫ ነው። የሲኤሉን ቁጥር በ2000 አባዝታችሁ ለፍጥነቱ ብታካፍሉት ራሙ ለመመለስ የሚፈጅበትን ናኖሰከንድ ታገኛላችሁ፦ ሁለቱም 10 ይመጣሉ። 6000 ሲኤል40 ግን 13.3 ነው፤ ማሸጊያው ላይ 6000 ስላለ ብቻ እኩል አይደለም። 16 ጊጋባይት ዛሬም ያጫውታል፤ ከበስተጀርባ ብሮውዘርና ዲስኮርድ ክፍት የሚተው ሰው 32 ያድርገው። በኤኤም5 ላይ «ሁለት ልግዛና በኋላ ሁለት እጨምራለሁ» ማለት ጥሩ ዕቅድ አይደለም፤ አራቱም ስሎት ሲሞላ በራይዘን 7000 በይፋ የሚደገፈው ፍጥነት ወደ 3600 ይወርዳል።

አራት ስሎት ካለ ስቲኮቹን ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ በ2ኛውና በ4ኛው ላይ ሰኩ። ከዚያ ባዮስ ገብታችሁ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚለውን ክፈቱ። ይህን ያልከፈተ ሰው የ6000 ራም ገዝቶ በ4800 ይጫወታል፤ ማሽኑ ምንም ስህተት ስለማያሳይ ለዓመታት ሳይታወቅ ይቀራል። ከከፈታችሁት በኋላ ማሽኑ እየተነሳ ቢጠፋ ፍጥነቱን ወደ 5600 አውርዱና ሞክሩ።

ኤስኤስዲ

1 ቴራባይት ኤንቪኤምኢ (ፈጣኑ የኤስኤስዲ ዓይነት)፣ መጠኑ ኤም.2 2280፣ ፒሲአይኢ 4.0፣ የሜሞሪው ዓይነት ቲኤልሲ ይሁን። አንዳንድ ጌም ብቻውን ከ100 ጊጋባይት በላይ ስለሚይዝ 500 ጊጋባይት ቶሎ ይሞላል። 7000 ሜጋባይት በሰከንድ የሚለውና 3500 የሚለው በጌም አከፋፈት ላይ የሚያሳዩት ልዩነት ትንሽ ነው፤ ለፍጥነቱ ሳይሆን ለመጠኑ ክፈሉ። ኪውኤልሲ የሚባለው ርካሹ የሜሞሪ ዓይነት ትልቅ ፋይል ሲገለበጥበት ጊዜያዊ ቋቱ ይሞላና ፍጥነቱ ከሳታ (ቀደም ካለው በኬብል የሚሰካ) ዲስክ በታች ሊወርድ ይችላል። ሌላ ሳታ ዲስክ ካላችሁ የማዘርቦርዱን መመሪያ እዩ፤ በአንዳንዶቹ ላይ ሁለተኛው ኤም.2 ሲያዝ አንድ ሁለት የሳታ ፖርት ይዘጋል።

ፓወር ሰፕላይ

ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው ይሄ ነው፤ መቆረጥ የሌለበትም ይሄው ነው። መጥፎ ካርድ ጌም ያዘገያል፤ መጥፎ ፓወር ሰፕላይ ሲሞት ግን ማዘርቦርዱንና ካርዱን ይዞ ሊሞት ይችላል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አርቲኤክስ 5060 ቲአይ 180 ዋት ይወስዳል። ራይዘን 5 7600 ሳጥኑ ላይ 65 ዋት ቢልም እስከ 88 ይስባል። ማዘርቦርዱ፣ ራሙ፣ ኤስኤስዲውና ፋኖቹ በአንድ ላይ 55 ገደማ። ድምሩ 323 ዋት። ካርዶች ለሺኛ ሰከንድ ከተጻፈላቸው በላይ ስለሚስቡ ትንፋሽ ያስፈልጋል፤ 550 ይበቃል፣ ወደፊት ካርድ የምትቀይሩ ከሆነ 650 ይሁን። 750 እና 850 ለዚህ ማሽን ትርፍ ነው።

አሁን ጎኑ ላይ ያለውን ሰንጠረዥ አንብቡ። በትልቁ የተጻፈውን ዋት ትታችሁ ፕላስ 12 ቮልት የሚለውን አምድ ፈልጉ፤ ፕሮሰሰሩም ካርዱም የሚበሉት ከዚያ ነው። እውነተኛ 650 ዋት ከሆነ በዚያ አምድ 54 አምፔር አካባቢ ታያላችሁ፤ 12 ሲባዛ በ54፣ 648 ዋት። 28 አምፔር የሚል ካያችሁ ያ ዕቃ 336 ዋት ነው፤ ቀሪው የዛሬ ማሽን እምብዛም ከማይነካቸው ከ3.3 እና ከ5 ቮልት መስመሮች የተደመረ ነው። ሁለት የ12 ቮልት አምድ ካለው አምፔሮቹን አትደምሩ፤ ከሥራቸው የተጻፈውን የጋራ ዋት እዩ። በእጃችሁ አንሱትም፤ ያለ ክብደት የሚነሳ 650 ዋት ውስጡ ባዶ ነው።

80 ፕላስ ብሮንዝና ጎልድ የሚሉት የሚለኩት ምን ያህል ኤሌክትሪክ በሙቀት እንደሚባክን ነው። በ115 ቮልት መለኪያ በግማሽ ጭነት ብሮንዝ 85 በመቶ፣ ጎልድ 90 በመቶ ነው። ለ323 ዋት ማሽን ልዩነቱ ከግድግዳው ሶኬት 21 ዋት ገደማ ይሆናል። ማኅተሙ ስለ አጭር ዙር መከላከያ አይናገርም፤ ስለዚህ ኦቪፒ፣ ኦፒፒ፣ ኤስሲፒ እና ኦቲፒ የሚሉት መከላከያዎች (ከቮልቴጅ፣ ከጭነት፣ ከአጭር ዙርና ከሙቀት) በዝርዝሩ መኖራቸውን፣ ዋስትናው ቢያንስ 5 ዓመት መሆኑን ለይታችሁ እዩ። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማንሸራተቻ ካለው ከመሰካታችሁ በፊት ከቤታችሁ ቮልቴጅ ጋር አስተካክሉት፤ 115 ላይ ሆኖ 230 ውስጥ ከተሰካ በዚያው ቅጽበት ይፈነዳል። ኬብሎቹ የሚነቀሉ ዓይነት ከሆነ ደግሞ የሌላ ፓወር ሰፕላይ ኬብል በፍጹም አትጠቀሙ፤ ጫፉ ቢገባም የውስጥ ሽቦው አቀማመጥ ስለሚለያይ ኤስኤስዲ ያቃጥላል።

ማዘርቦርዱ በስሎቱ በኩል ለካርዱ 75 ዋት፣ አንድ ባለ 8 ፒን ኬብል ደግሞ 150 ዋት ይሰጣል። ካርዱ ሁለት ባለ 8 ፒን ከጠየቀ ሁለት የተለያዩ ኬብሎች ዘርጉ፤ በአንድ ኬብል ላይ ያሉትን ሁለት ጫፎች አትጠቀሙ።

ኬዝና ኩለር

የፊቱ ገጽ ወንፊት የሆነ ኬዝ ውሰዱ። ፊቱ በመስታወት የተዘጋ ኬዝ ያምራል፣ ፋኖቹ ግን የሚስቡት አየር ያጣሉ፤ ካርዱ ይግላል፣ ይጮኻል። ከፊት ሁለት ፋን ወደ ውስጥ፣ ከኋላ አንድ ወደ ውጭ ይበቃል። ለመግዛት ስትሄዱ ሦስት ልኬት በወረቀት ያዙ፦ የካርዱን ርዝመት፣ የኩለሩን ቁመት፣ የማዘርቦርዱን ዓይነት። ኬዙ 330 ሚሊሜትር ካርድ ይይዛል ቢል ከፊት ፋን ሲገጠም 25 ሚሊሜትር ሊቀንስ ይችላል።

ለ65 ዋት ፕሮሰሰር ከሳጥኑ ጋር የሚመጣው ኩለር ይሠራል፤ ድምፁ ካስቸገራችሁ ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን ታወር ኩለር ይበቃል። የውሃ ኩለር ለዚህ ማሽን አያስፈልግም። ኩለሩ ሥር ያለውን ስስ ላስቲክ ሳይልጡ መግጠም በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ ፕሮሰሰሩ በሁለት ደቂቃ ውስጥ 95 ዲግሪ ከደረሰ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። በኤኤም4 ላይ ኩለር ስትነቅሉ ማሽኑን ትንሽ አሙቁት፣ አጥፉት፣ ከዚያ ኩለሩን ግራና ቀኝ እያዞራችሁ አላቁት። ቀጥ አድርጋችሁ ከሳባችሁት በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መካከል የደረቀው ተርማል ፔስት የሚባለው ቅባት ፕሮሰሰሩን ከሶኬቱ ነቅሎ ያመጣዋል፤ ፒኖቹም ይጣመማሉ።

ያገለገለ ዕቃ

ፕሮሰሰር በአግባቡ ከተያዘ ብዙ ጊዜ አይሞትም፤ ያገለገለ መግዛት ያዋጣል። ኤኤም4 ከሆነ ፒኖቹ ፕሮሰሰሩ ላይ ናቸው፣ ረድፋቸውን በጎን በብርሃን እዩ፤ ኤኤም5 እና ኢንቴል ከሆነ ፒኖቹ ማዘርቦርዱ ላይ ናቸው፣ ሶኬቱን እዩ። ከ13ኛውና ከ14ኛው ትውልድ ኢንቴል ከፍ ያሉትን፣ ማለትም ከአይ5 13600ኬ ጀምሮ ያሉትን፣ ያገለገሉ አትግዙ፤ በ2024 እ.ኤ.አ. የታወቀው የቮልቴጅ ችግር በባዮስ ማደሻ ቢታረምም አስቀድሞ የተጎዳውን ፕሮሰሰር አይመልስም። 12400ኤፍ ከዚህ ውጭ ነው።

ካርድ ከሆነ ሳይሞከር አይገዛም። ጂፒዩ-ዚ በሚባለው የካርድ መለያ ፕሮግራም ክፈቱት፤ አሮጌ ካርድ ባዮሱ ተቀይሮ በአዲስ ስም ሲሸጥ ፕሮግራሙ ብዙ ጊዜ ይለየዋል። ከዚያ 20 ደቂቃ ከባድ ጌም ወይም ፈርማርክ የሚባለውን መፈተኛ ፕሮግራም አሠሩት። ስክሪኑ ላይ ባለ ቀለም ነጠብጣብ ወይም ካሬ ከታየ ሜሞሪው እየሞተ ነው። ፋኖቹን በእጅ አዙሯቸው፤ የሚንጋጉ ከሆነ ይቀየራሉ፣ ዋጋ አስቀንሱ። ኤስኤስዲ ከሆነ ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም ጤንነቱን እዩ። ፓወር ሰፕላይ ግን ያገለገለ አትግዙ።

ሁለት ጥምረት

ለ1080፦ ራይዘን 5 5600፣ ቢ550፣ ሁለት ባለ 8 ዲዲአር4 3200 ሲኤል16፣ አርኤክስ 7600 ወይም አርቲኤክስ 5060፣ 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ፣ 550 ዋት። ለ1440፦ ራይዘን 5 7600፣ ቢ650፣ ሁለት ባለ 16 ዲዲአር5 6000 ሲኤል30፣ አርኤክስ 9060 ኤክስቲ ወይም አርቲኤክስ 5060 ቲአይ፣ ሁለቱም ባለ 16 ጊጋባይቱ፣ 1 ቴራባይት፣ 650 ዋት። ገንዘቡ ካልሞላ መጀመሪያ ኬዙን አርክሱ፣ ቀጥሎ ማዘርቦርዱን፣ ቀጥሎ ራሙን ከ32 ወደ 16። ኤስኤስዲ በኋላ ይጨመራል፣ ራሙም እንዲሁ (በኤኤም5 ላይ ግን ሁለቱን ስቲኮች በትላልቅ ሁለት መቀየር ነው)፤ ካርድ ግን ሲቀየር ያለፈው ገንዘብ ይከስራል።

ሲነሳ

ማዘርቦርዱን ከመግጠማችሁ በፊት ኬዙ ላይ ያሉት የነሐስ መቀመጫ ብሎኖች ከማዘርቦርዱ ቀዳዳዎች ጋር ልክ መሆናቸውን እዩ፤ አንድ ትርፍ ብሎን ከሥር ከነካው አጭር ዙር ይፈጠራል። የፕሮሰሰሩ ባለ 8 ፒን ኬብል ከላይ በግራ ጥግ ይገባል፤ ለሁለት አራት አራት ይከፈላል። የካርዱ ደግሞ ስድስትና ሁለት ሆኖ ይከፈላል። ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ አልገባ ሲል በጉልበት አታስገቡ፣ ሌላኛውን አንሱ።

የኤኤም5 ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ራሙን ስለሚለካ ስክሪኑ ለብዙ ደቂቃ ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተበላሽቷል ብሎ ያጠፋዋል፤ ያኔ ልኬቱ ከመጀመሪያ ይጀምራል። 10 ደቂቃ ጠብቁት። ከዚያም በኋላ ምስል ከሌለ የስክሪኑ ኬብል የት እንደተሰካ እዩ፤ መሰካት ያለበት ከታች በአግድም ያለው የካርዱ ፖርት ላይ ነው እንጂ ከላይ ያለው የማዘርቦርዱ ላይ አይደለም።

ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ የካርዱን ድራይቨር ጫኑ፤ ከዚያ ዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስክሪኑን ከ60 ወደ 144 ኸርዝ ቀይሩት፣ ብዙ ጊዜ በራሱ አይቀየርም። ታስክ ማናጀር ላይ የራሙ ፍጥነት የገዛችሁት ቁጥር መሆኑን እዩ። ቀጥሎ ከባድ ጌም ለግማሽ ሰዓት ክፈቱና ሙቀቱን ተመልከቱ። ካርዱ ከ80 ዲግሪ፣ ፕሮሰሰሩ ከ85 ካለፈ የኬዙን ጎን ከፍታችሁ ደግማችሁ ለኩ። በ5 እና ከዚያ በላይ ዲግሪ ከወረደ ችግሩ የአየር ዝውውር ነው፣ የፋኖቹን አቅጣጫ አስተካክሉ፤ ካልወረደ ኩለሩ በትክክል አልተቀመጠም፣ ካቻቢቴያችሁን አንሱና አራቱን ብሎኖች በሰያፍ እኩል አጥብቁ።